ጫማውን በእጁ ይዞ

ገብረመድኅንን የሰደበው ደረጄ ነው። የሰደበው ማክሰኞ ማታ ነው፤ በፈረንጅ ሴፕቴምበር አሥራ አንድ፣ ሁለት ሺህ ሰባት፣ በእኛ አዲሱ ሚሌኒየም ሊገባ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲቀረው፣ ለንደን ሃርልስደን ለበዓሉ በተከራዩት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ መቶ ሠላሳ ሰው ፊት፣ በማይክራፎን። ሌላ ሰው ቢሆን "አንድ ጊዜ እንዲህ ተብዬ ነበር" ብሎ ያልፈዋል። ገብረመድኅን ግን ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ቢሆንም በስድብ ጉዳይ መዝገብ ቤት ነው፤ የተናጋሪውን የክራቫት ቀለም፣ ማን አፉን ከፍቶ እንደሳቀና ማን ሳቁን በሶፍት እንደሸፈነ ሳይቀር ይዟል። ደረጄ የሚስቱ የዕፀገነት ታላቅ ወንድም ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ የአካባቢው አስተዳደር ካውንስል ውስጥ ቢሮ ያለው፣ ዌምብሊ ባለ ጓሮ ቤት የገዛ። ያን ማታ ገብረመድኅን ከአገር ያመጣቸውን ትንንሽ ሸክላዎች እያጫወተ ነበር። በሰርጉ ቀን ከዕፀገነት ጋር የደነሱበትን ሲያስገባ ደረጄ ማይኩን ተቀበለና "ጎበዝ፣ ይህን ዘፈን ታውቁታላችሁ? ሚስቱን አልጋ ላይ ትቶ ስለሚጠፋ ወንድ ነው። ገብሬ እህቴን ያገባው በዚህ ነው። ምን ይደረግ፣ ሸክላ መገልበጥ እንጂ ቋንቋ የት ተማረና" አለ። አዳራሹ ሳቀ። ዕፀገነት አልሳቀችም፤ ግን "ውሸት ነው" ብላ አልተከራከረችለትም። ገብረመድኅን መርፌውን አነሣ፣ ሸክላዎቹን ካርቶናቸው ውስጥ ከተተ፣ ካርቶኑን በገመድ አሥሮ ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቀለው። ይኸው ሦስት ዓመት ከስምንት ወሩ፤ አንድ ቀን አላወረደውም። ባልና ሚስት ስለዚያ ማታ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሰሜን ለንደን፣ ከኤድመንተን ሦስት ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ሳባን ለሔኖክ ሊጠይቁ። ሳባ ከአሥራ አንድ ዓመት ስለት በኋላ የተገኘች አንዲት ልጃቸው ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሽማግሌ ሲመጣ ከልጅቱ ወገን አፍ ያለው ሰው ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ዘር ቆጥሮ የሚጠይቅ፣ ትንሽ አስጨንቆ ትንሽ አስቆ የሚሰጥ። ለንደን ውስጥ ከሁለቱም ወገን እንዲህ ያለው ዘመድ ደረጄ ብቻ ነው። ሐሙስ ዕለት ዕፀገነት "ወንድሜን ጠርቼዋለሁ" ስትል ገብረመድኅን የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና "እሱ በዚህ በር ከገባ እኔ በዚያው በር እወጣለሁ" አላት። የጀመረችውን ፎጣ አጠፈች፣ ሌላ ፎጣ አነሣች፣ እሱንም አጠፈች። አባቷ የወጣበት ሽምግልና ለልጅቱ ምን ማለት እንደሆነ አባትም እናትም ልጅም ያውቃሉ፤ ቤቱ ከሐሙስ ጀምሮ የበር ማጠፊያ እንኳ እንዳይሰማ ሆኖ ቀስ ተብሎ ነው የሚኖርበት።

ገብረመድኅን ለዛሬ ከሥራ ፈቃድ ወስዷል። ሂትሮው አውሮፕላን ውስጥ ማጽዳት ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በየሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል። ሰውነት ልማዱን አይረሳምና ዛሬም በዚያው ሰዓት ነቅቶ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ከመኝታ ክፍል ወጣ፤ ሥራ እንደሌለው ትዝ ያለው ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ክሩን ሲያስር ነው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልወሰደውም። ሳሎን ተቀምጦ ለደረጄ ያዘጋጀውን መልስ ይከልሰው ጀመር። በነዚህ ዓመታት ሦስት መልስ አዘጋጅቷል። ሁለቱ ተራ ናቸው። ሦስተኛው ግን ከባለፈው ዓመት ወዲህ የተገኘ ነው፤ የደረጄ ሚስት ማሚቱ ልብሷን ጭና ትታው ከሄደች ዓመት አልፏታል፤ ከእህቱና በእሷ በኩል ከገብረመድኅን በቀር የሰማ የለም፤ ደረጄ ለጠየቀው ሁሉ "አገር ቤት እናቷን ልታስታምም ሄዳለች" ይላል። "እኔስ የሚጠፋ ባል ዘፈን ባጫውት ሚስቴ ቤቷ አለች፤ ያንተዋ የት ናት?" ከዚህ የበለጠ መልስ ለንደን ውስጥ አይገኝም። ገብረመድኅን እንደ ቢላዋ ስሎት፣ ስሎት፣ አሁን በምላሱ ላይ ጫፉ ይሰማዋል።

ሲነጋ ቤቱ የሰርግ ቤት መሰለ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ የካውንስል ቤት ነው፤ መስኮቱ ሲከፈት የሥረኛው ዶሮ መጥበሻ ቤት ዘይት ይሸታል፣ ሲዘጋ ደግሞ ይታፈናል። ሶፋው በአሥራ ሦስት ፓውንድ አዲስ ልብስ ለብሷል፤ ልብሱ ስለሚያጥር አንደኛው ጠርዝ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ስድስት ወንበሮች ከማኅበር በውሰት መጥተው ተደርድረዋል። ዕፀገነት ኩሽና በር ላይ የካውያውን ጠረጴዛ ዘርግታ ነጩን የገበታ ልብስ ትተኩሳለች። በዚህ መሐል ሳባ አንድ ሻንጣ መሳይ ነገር ታቅፋ በሩን በጉልበቷ ገፍታ ገባች።

"አባዬ፣ ይሄን ሔኖክ ነው የገዛው። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ቻሪቲ ሾፕ፣ አሥራ አምስት ፓውንድ። ቼክ አድርጎታል፣ ይሠራል።"

ሻንጣው ሲከፈት የሸክላ ማጫወቻ ሆነ። ገብረመድኅን ማየት እንጂ መንካት አልፈለገም።

"ለማን ነው?"

"ላንተ ነዋ። ሰርጌ ላይ የእናንተን ዘፈን ነው የምፈልገው።"

"የኛ ዘፈን ዘፈን አይደለም። አጎትሽን ጠይቂ።"

"እሱን አልጠየቅኩም፤ አንተን ነው የጠየቅኩት" አለችና ወንበር ጎትታ፣ ወጥታ፣ ካርቶኑን ከቁም ሣጥኑ አናት አወረደችው። ገመዱን ለመፍታት ታገለች፤ አልሆነላትም። የአባቷ ቋጠሮ ነው። ገብረመድኅን ትግሏን አየና "በጥርስሽ አትንኪው" አለ፤ ራሱ ፈታው።

ውስጡ ሰባት ሸክላ ነበር። ሰባቱም የአንድ ባንድ ናቸው፤ ኮል ዋርፍ የሚባሉ አምስት ጸጉራም የለንደን ልጆች በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ ያወጧቸው፣ የጥቁሮቹን ብሉዝ በጊታር የሚያስጮኹ። ገብረመድኅን ስማቸውን ሲጠራ አይቀናውም፤ እሱ የሚያውቃቸው በቁልፍ ነው። አዲስ አበባ ፒያሳ ሙሴ ካስፓር የሚባሉ አርመን በየቡና ቤቱ ጁክ ቦክስ፣ ሳንቲም ከተው ቁልፍ ሲጫኑት ሸክላ የሚያጫውት ማሽን፣ ያከራዩ ነበር፤ ገብረመድኅን በአሥራ ስምንት ዓመቱ ተቀጥሮ ሥራው በቢስክሌት እየዞረ ስሙኒውን መሰብሰብ፣ ያረጀውን ሸክላ አውጥቶ አዲሱን መክተት ነበር። የዘፈኑን ርዕስ ከሸክላው ላይ ፊደል በፊደል፣ እንደ ሥዕል፣ ወደ ቁልፉ ወረቀት ይገለብጣል። ኬ ሦስት፣ ኬ አራት፣ ኬ አምስት። ከጠጪው ግን ወረቀቱን ማን ያነበዋል? ለየዘፈኑ የራሱን ስም ያወጣለታል። አርሞኒካው እንደ ባቡር የሚነፋው "ባቡሩ" ተባለ፤ የወር መጨረሻ ላይ የሚዘወተረው "ደመወዝ"፤ በቀስታ ደወል የሚጀምረው ኬ ሰባት ደግሞ "ሙሽራዋ"። የእንግሊዝ ሸክላ ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ የሙሴ ካስፓር የአሜሪካ ማሽን የሚፈልገው ሰፊውን ነው። ስለዚህ ገብረመድኅን የሸክላውን መሐል በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ቀጭ ብሎ ይወጣል። በሺህ የሚቆጠር መሐል በአውራ ጣቱ አውጥቷል። አሁንም ጣቱ ላይ ጠጠር የመሰለ እብጠት አለ።

"በዚህ ላይ አይቆምም፤ ይዋልላል" አለ ገብረመድኅን፣ ሳባ የመጀመሪያውን ልታስቀምጥ ስትል። ተነሥቶ የጫማ መደርደሪያው ሥር ያረጀ ነጠላ ጫማ ፈለገ፣ ከሶሉ ላይ በቢላዋ ክብ ቆረጠ፣ መሐሉን በሚስማር በሳ፣ የሸክላው ቀዳዳ ውስጥ ከተተው። ልክ ገባ። ልጅቱ እጁን ነበር የምታየው።

"ኦኬ፣ በተራ ነው የምንሰማው። እኔ እተረጉምልሃለሁ።"

"ትርጉም ማን ጠየቀሽ?"

ግን መርፌው ቀድሞ ወርዷል። "ባቡሩ" ተንጫጫ፤ እንደ ዘይት መጥበሻ ትር ትር አለ፣ ከዚያ አርሞኒካው መጣ። ገብረመድኅን ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። ይህ የሹፌሮቹ ነበር፤ ለገሀር አካባቢ በቀን አርባ ጊዜ ይጫወት ስለነበር ጥቁሩ ወደ አመድማ ሄዷል፤ ሸክላ መወደዱ የሚታወቀው በዓይን ነው። ሳባ ጆሮዋን ወደ ማጫወቻው አስጠግታ ሰማችና ከንፈሯን ነከሰች።

"አባዬ፣ ባቡር የለበትም። ስለ ቤት ኪራይ ነው። ላንድሎርዱ በሩን እያንኳኳ ነው፣ እሱ አልጋ ሥር ተደብቋል።"

"ኪራይ?"

"ሬንት። አልከፈለም።"

ገብረመድኅን ዓይኑን ከፈተ። "አርባ ዓመት ሙሉ ስለ ኪራይ ነው የጨፈርነው?" አለ፤ ሳይወድ ሳቀ። "ደመወዝ" ስለጠፋ ውሻ ሆነ። ሦስተኛው ላይ ሳባ ራሷ ግራ ገባት፤ "ይሄ ሲሪየስሊ ስለ ዶሮ ነው" አለች። አራተኛውና አምስተኛው ላይ ጊታሩ እየጮኸ፣ ዘፋኙ እየተናደደ ሄደ፤ የተማሪዎቹ ነበሩ፤ አራት ኪሎ በሚገኘው ቡና ቤት ሰልፍ ሊወጡ ሲሉ ያጫውቷቸው ነበር። በስድስተኛው ኦርጋን ገባበት፤ ሁሉም ድምፅ ደከመው፤ "ይሄን ጊዜ ተጣልተው ነበር፤ ቃሉ ባይገባኝም ከበሮው ከዘፋኙ ጋር አይነጋገርም፣ ስሚው" አላት። ሳባ አሁን ትርጉሙን ትታ እሱን ትሰማ ነበር። እንዲህ ብዙ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ኩሽና በር ላይ ያለው ካውያ ግን ከ"ደመወዝ" ጀምሮ ቆሟል፤ ዕፀገነት የገበታ ልብሱን ጥግ ይዛ ታዳምጣለች።

ሰባተኛው ሲወጣ ገብረመድኅን እጁን ዘረጋ። "ይቅር። እሱ ይብቃው።"

"አባዬ፣ አንድ ብቻ ነው የቀረው።"

ደወሉ ሦስት ጊዜ መታ። ጊታሩ እንደ ሰው እግር ቀስ ብሎ ገባ። የሰርጉ ቀን፣ ጥር ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ገብረመድኅን ሙሴ ካስፓርን ለምኖ ጁክ ቦክሱን ራሱን በጭነት መኪና አስጭኖ ዳሱ ውስጥ አቁሞት ነበር። ከጎረቤት መብራት በገመድ ስቦ፣ ቀይና ሰማያዊ አምፖሉ ሲበራ አማቾቹ እንኳ አፋቸውን ይዘው ነበር። በሕይወቱ ሰው ሁሉ እሱን ያየበት ቀን ያ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ደረጄ መጥቶ ያንንም ቀማው።

"ምን ይላል?" አለ፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

ሳባ አመነታች። "እ... ሳይነጋ ሊሄድ ነው። እሷ ተኝታለች። እሱ..." አላስጨረሳትም፤ መርፌውን አነሣው። እውነት ነበር ማለት ነው። እስከ ዛሬ በልቡ አንድ ጥግ ደረጄ ዋሽቶ እንዲሆን ይመኝ ነበር።

"ጫማዬን በእጄ ይዣለሁ፣ እንዳትነቂ፤ ወለሉ ስሜን ያውቀዋል፣ እንዳይጠራኝ።"

የተናገረችው ዕፀገነት ናት። ቀድሞ በእንግሊዝኛ አለችው፤ የፈረንጅ መነኮሳት እስከ አሥረኛ ክፍል ባስተማሯት፣ ለንደን ገብታ በሠራችባቸው ሆስፒታሎች እንኳ ባልለቀቃት ጠንቃቃ እንግሊዝኛ። ከዚያ በአማርኛ ደገመችው። የገበታ ልብሱን ደረቷ ላይ እንደያዘች ነበር።

ገብረመድኅን ዞሮ አያት። "መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ዳሱ ውስጥ።"

"የሰርጋችን ቀን?"

"ሁለተኛው መስመር ላይ።" ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ቀና ስል አየሁህ። ያን ማሽን አናቱን እንደ ልጅ ራስ ይዘኸው ትስቃለህ። ምን ልልህ ነበር፣ የሳባ አባት? ተነሣሁና ደነስኩ።"

"ደረጄ ሲሰድበኝስ? ዝም አልሽ።"

"ቤት ገብተን ትጠይቀኛለህ ብዬ ነው። ካርቶኑን በገመድ ስታስር፣ እኔንም አብረህ ያሰርከኝ መሰለኝ።" የገበታ ልብሱን ጭኗ ላይ አጠፈችው። "ከአገር ስንወጣ ለነዚህ ሸክላዎች ቦታ ብዬ ጋቢዬን ከሻንጣ ያወጣሁት ቃሉን ስላላወቅኩ ነው? አውቄ ነው። አንተም ጫማህን በእጅህ ይዘህ ነው የምትወጣው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ተኝቼ እንዳይመስልህ፤ በየሌሊቱ ኮሪደር ላይ ክርህን ስታስር እሰማለሁ። የዘፈኑ ሰውዬ አይመለስም፤ አንተ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ወጥተህ ለምሳ ትመጣለህ። ታዲያ ዘፈኑ የማን ሆነ?"

ገብረመድኅን አውራ ጣቱ ላይ ያለውን እብጠት አሻሸ። ሳባ ተነሥታ መስኮት ልትከፍት ሄደች፤ የዶሮው ዘይት ገባ፤ ማንም ዝጊው አላላትም። ዕፀገነት "ካውያው ይቃጠላል" ብላ ተነሣች።

ደረጄ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። በሩን የከፈተው ገብረመድኅን ነው። ከኋላው እናትና ልጅ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆመዋል። ደረጄ ሸምግሏል፤ ሸሚዙ ኮሌታው ላይ ብቻ ተተኩሷል፤ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያወልቅ የካልሲው ተረከዝ ተቀዶ ሥጋው ታየ። ገብረመድኅን ማየቱን ደረጄ አስተዋለ፤ እግሩን ቶሎ ወደ ምንጣፉ ሰበሰበ። "ግባ" አለው ገብረመድኅን። በሩ ክፍት ነበር፤ አልወጣበትም።

ሽማግሌዎቹ በሰሜን ለንደን ቀለበት መንገድ መጨናነቅ ምክንያት ሃያ ደቂቃ ዘገዩ። አፈ ጉባኤያቸው አቶ ኃይለልዑል የሚባሉ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው፤ እንደ ሥርዓቱ ጉዳያቸው ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ሦስቱም ተደርድረው ቆሙ። ደረጄ ይህን ያውቅበታል። የሔኖክን አያት ከነአባታቸው ጠየቀ፣ ሰባት ቤት አስቆጠረ፣ ስድስተኛው ላይ "ቆይ፣ ይህንን አጣርተን በሚቀጥለው ወር ብትመለሱስ?" አለ።

"ጌታዬ፣ ለመመለሱ አንሰንፍም" አሉ አቶ ኃይለልዑል፣ "ግን እርስዎ እንደሚያውቁት ፓርኪንጉ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ደረጄ ወደ ገብረመድኅን ዞረ፤ "አባት ምን ይላል?" አለ፤ ገብረመድኅንም "ሰጥቻለሁ" አለ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ሳባ ገብታ ጉልበት ሳመች፤ ብርጭቆ ዞረ። ሁሉም ነገር ያለ እንከን ሊያልቅ ነበር። ደረጄ ግን ሁለተኛውን ብርጭቆ ሲጨርስ ዓይኑ ጥግ ላይ ካለው ማጫወቻ ላይ አረፈ። ሳቀ።

"አቶ ኃይለልዑል፣ አደራ፤ ሰርጉ ላይ ሙዚቃውን ለገብሬ እንዳትሰጡት። እሱ ከመረጠው ሙሽራው በማግስቱ ነው የሚጠፋው። የሆነውን ላጫውትዎት?"

አንደኛው ሽማግሌ ነገሩ ሳይገባው ሳቀ። ሳባ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። ገብረመድኅን ተነሣ። ሦስተኛው መልስ ምላሱ ላይ መጣ፤ ተዘጋጅቶ፣ ተስሎ፣ ምንም ሳይጎድለው። የደረጄን ፊት አየ። ፈገግታው እንዳለ ነው፤ እግሮቹን ግን ተረከዙ እንዳይታይ ወንበሩ ሥር አቆላልፏቸዋል። ያ የዘፈኑ ቃል ሁሉ የገባው ሰው፣ ያን ቀን ዳሱ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ተነሥቶ እንዳልደነሰ ገብረመድኅን አሁን ትዝ አለው። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ።

ጎንበስ ብሎ ከደረጄ ፊት ባዶውን ሰሃን አነሣ። ጥግ ላይ ሲደርስ በነጻ እጁ ኬ ሰባትን አስቀመጠና መርፌውን አወረደ። ደወሉ ሦስት ጊዜ መታ። ኩሽናው በር ላይ ዕፀገነት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቀና አለች።

"ገብሬ?" አለ ደረጄ ከኋላው፣ ድምፁ ሳቅ አልነበረበትም። "ገብሬ፣ አኮረፍክ እንዴ?"

ገብረመድኅን ሰሃኑን ማጫወቻው አጠገብ አስቀመጠ። በካልሲው፣ ወለሉ ሳይሰማው፣ እጁን ለዳንስ ዘርግቶ ወደ ሚስቱ ሄደ።